ከጎን የተሳሉ ሰዎች

መቼ እንደሆነ በትክክል አላስታውስም። በረዶ ነበረ ብዬ እንዳልጀምር፣ የዴንቨር በረዶ ደስ ባለው ቀን ነው የሚጥለው፤ አበባ ካበበ በኋላም ይጥላል። የልጅ ልጄ አሥራ ሁለት ዓመት ሞልቷት ይሁን ሊሞላት፣ እሱም ተምታቶብኛል። የማስታውሰው ያን ሰሞን ግራ ጉልበቴን ያመኝ እንደነበረና፣ ከፒዮሪያ ጣቢያ ባቡር ስሳፈር ሁልጊዜ በሩ አጠገብ ያለውን ወንበር እፈልግ እንደነበረ ነው። ይኼም ለቀን መቁጠሪያ አይሆንም፤ ጉልበቴ ዛሬም ያመኛል።

ሥራዬ መቆም ነው። ዴንቨር መሀል ከተማ ባለ አንድ የሥዕል ሙዚየም ውስጥ፣ በተመደብኩበት ክፍል እቆማለሁ። ሰው ሥዕል እንዳይነካ አያለሁ፣ ልጆች እንዳይሮጡ በፈገግታ እከለክላለሁ፣ መጸዳጃ ቤት የጠፋበትን አሳያለሁ። ከዚያ በፊት ለብዙ ዓመት የመኪና ማቆሚያ በር ላይ በትንሽ መስኮት ትኬት ስቀበል ኖሬያለሁና፣ ይኼ ሥራ ሲገኝ ልጄ «አባባ፣ አሁንስ ጌታ ሆኑ!» ብላ ስቃለች። እውነትም ቤቱ ሞቃት ነው፣ ጸጥ ያለ ነው። ለጠባቂ ግን ወንበር የለውም።

ያን ሰሞን በእኔ ክፍል የአንድ ቻይናዊ ሰዓሊ ሥዕሎች ተሰቀሉ። ሰውየው በሕይወት ያለ፣ የዛሬ ዘመን ሰው ነው አሉ። ከሩቅ ሲያዩት የድሮ ቻይናዎች ይሥሉት የነበረውን ዓይነት ነው፤ በጥቁር ቀለም ብቻ፣ ተራራ፣ ፏፏቴ፣ ጉም። ጉሙን አልሣለውም። ወረቀቱን ባዶ ሲተወው ነው ጉም የሆነው። ይኼ ይደንቀኝ ነበር፤ ሰው ምንም ሳያደርግ ጉም ሲሠራ! ቀረብ ሲሉት ግን ተራራው ተራራ አይደለም። ካርቶን ነው። ካርቶን በካርቶን ላይ ተደርቦ፣ ጎኑ ተጨፍልቆ፣ ጥጉ ተቀድዶ፣ እስከ ጫፍ ድረስ። ፏፏቴውም ዕቃ የሚጠቀለልበት ላስቲክ ነው። ከጥቁር ሌላ አንድ ቀለም ብቻ አለ፣ ቀይ። እሱም ትንንሽ የዋጋ ወረቀት ነው። ዛፉ ላይ፣ ድንጋዩ ላይ፣ የወፏ ክንፍ ላይ ሳይቀር ተለጥፏል። ጨረቃም አላመለጠች።

ከሁሉ ትልቁ ሥዕል ግድግዳውን ከጥግ እስከ ጥግ ይዞታል። በካርቶኑ ተራራ ሥር ሰዎች በረጅም መስመር ቆመዋል። ፊታቸው አንዱ ከሌላው ኋላ ተደራርቦ፣ ሁሉም ወደ አንድ ወገን ዞረዋል፤ ሁሉም እጃቸውን ወደ ፊት ዘርግተዋል። እጃቸው የሚደርስበት ቦታ ላይ ምንም የለም፤ ባዶ ወረቀት ነው። ሁሉም የተሳሉት ከጎን ነው። አንድ ዓይን፣ አንድ ጆሮ፣ አንድ ጉንጭ። በጉንጫቸው ላይ ያቺ ቀይ ወረቀት።

በሥዕሉ ጠርዝ ከላይ ወደ ታች የወረደ የቻይና ጽሑፍ ነበር። በግድግዳው ላይ ደግሞ ሙዚየሙ የለጠፈው እንግሊዝኛ አለ፤ ረጅም ነው። እኔ እንግሊዝኛ የማነበው ድንጋይ ለድንጋይ እየረገጠ ወንዝ እንደሚሻገር ሰው ነው። የመጀመሪያውን መስመር ጨርሼ ሁለተኛው ላይ ስደርስ አንድ ሰው ይመጣና መጸዳጃ ቤት የት ነው ይለኛል። «ሾፒንግ» የምትለዋን ቃል ከላይ አገኘኋት፣ እሷን ይዤ የቀረውን ተውኩት። ደግሞስ ምን አስነበበኝ? ሥዕል ማንበብ እኔ አውቃለሁ ብዬ ነበር።

ይኼን ስል በትዕቢት ብቻ አይደለም። ትምህርቴ የቄስ ትምህርት ነው፣ እሱንም ዳዊት ላይ ሳልደርስ አቋርጫለሁ። ነገር ግን አንድ በጋ ሙሉ፣ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ለሚሥሉ አንድ መሪጌታ ቀለም ስበጠብጥ ውያለሁ። ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ጻድቅ ሰው ፊቱን ሙሉ ይሰጥሃል፣ በሁለት ዓይኑ ያይሃል። ክፉ ሰው ግን ከጎን ነው የሚሳለው፣ አንድ ዓይን ነው ያለው። ይሁዳም እንደዚያ ነው፣ ጌታን የገረፉት ወታደሮችም እንደዚያ ናቸው። አንድ ቀን «ሌላው ዓይኑ የት ሄደ?» ብላቸው ብሩሻቸውን ሳያነሡ «ሰይጣን ቁርስ አድርጎት» አሉኝ። ይኼ ዕድሜ ልኬን አልጠፋኝም።

እንግዲህ ቻይናዊውንም እንደዚሁ አነበብኩት። ተራራው የገበያ ተራራ ነው። በሥሩ የቆሙት ገዢዎች ናቸው፤ እጃቸውን የዘረጉት ስጠኝ ስጠኝ ለማለት ነው። አንድ ዓይን የሆኑት ስለ ተኮነኑ ነው። ደስ አለኝ። ሰውየው ከሩቅ አገር መጥቶ የእኛን የመሪጌታ ቋንቋ ይናገራል አልኩ። ጎብኚ ሲጠይቀኝም፣ ማስረዳት ሥራዬ ባይሆንም፣ «ዋን አይ፣ ባድ ፒፕል» እል ነበር። ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። አንዳንዶቹ «ዋው» ይሉኛል።

ያናደደኝ ሌላ ነገር ነው። ከእኔ ክፍል መውጫው በሱቁ ውስጥ ነው የሚያልፈው። ሱቁ ያንን ተራራ በጨርቅ ቦርሳ ላይ አትሞታል፤ በኩባያ፣ በትራስ፣ ፍሪጅ ላይ በሚለጠፍ ነገር ሁሉ ላይ አትሞታል። ሰዉ መጥቶ ከሥዕሉ ፊት ይቆማል፤ እንደ ሰዎቹ ከጎን ዞሮ፣ እጁን ዘርግቶ፣ ፎቶ ይነሣል። «ይኼ እኛው ነን» ብሎ ይስቃል። ከዚያ ተራራውን ገዝቶ ይወጣል። አንድ ጠዋት ለሱቁ ዕቃ ሲመጣ በሩን ያዝልን ተባልኩ። የካርቶን ሥዕል የታተመባቸው ቦርሳዎች በካርቶን ታሽገው፣ ካርቶን በካርቶን ላይ ተደርበው በፊቴ አለፉ። የሚገፋውን ሰው አየሁት፤ እሱ ምንም አልታየውም። በሩን እንደያዝኩ ብቻዬን ተናደድኩ።

ብቻዬን መናደድ ደግሞ ልማዴ ሆኗል። ልጄ የምትኖረው ሞንትቤሎ ነው፤ ባልዋ ከሄደ ወዲህ ከልጇ ጋር ሁለት ናቸው። የምትሠራው ወደ ኤርፖርቱ በሚወስደው መንገድ ዳር ካሉት ትልልቅ መጋዘኖች በአንዱ ነው። ዌርሃውስ ነው የምትለው። እዚያ ምን እንደምትሠራ በደንብ ጠይቄያት አላውቅም፤ «ታሽጋለች» ነው የማውቀው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እሷ ቤት እሄዳለሁ። በሩ ላይ ሁልጊዜ ሣጥን አለ። ጫማ፣ የግድግዳ መብራት፣ ሽንኩርት የሚፈጭ፣ ውሻ ሳይኖራቸው የውሻ ምንጣፍ (ይኼ በስሕተት ነው አለች፤ አልመለሰችውም ግን)። ጋራዡ በዕቃ ስለሞላ መኪናዋን ፓርክ የምታደርገው መንገድ ላይ ነው። የእኔ ሥራ ካርቶኑን በቢላ ሰንጥቆ፣ አጥፎ፣ በገመድ አስሮ ማውጣት ነው። ማንም አላዘዘኝም። እያጠፍኩ ግን አጉረመርማለሁ።

«ይኼ ሁሉ ለማን ነው?»

«ለቤት ነው አባባ።»

«ቤቱማ እኮ ዕቃ ሆነ። እናንተ የት ልትኖሩ ነው?»

«እርስዎ ካርቶኑን ይተዉት፤ እኔ አወጣዋለሁ። ቡናዎ ቀዘቀዘ።»

እንዲህ እያልን ስንት እሑድ አለፈ። በአፌ ያልቻልኩትን ቻይናዊው በብሩሹ ይነግርልኛል ብዬ አሰብኩ። ሥራ በማትገባበት ቀን ልጅሽን ይዘሽ ነይ አልኳት። ለምን እንደሆነ አልነገርኳትም።

መጣች። ደስ ብሏታል፤ አባቷ የሚሠራበትን ቤት ለልጇ ልታሳይ ነው። ግን በዋናው በር መግባት ሲገባት በሱቁ በር ገብታ፣ በእጇ የጨርቅ ቦርሳ ይዛ ብቅ አለች።

«አባባ፣ ይኼ የእርስዎ ነው። ምሳዎን በፌስታል ይዘው ሲሄዱ ደስ አይለኝም።»

ቦርሳው ላይ ተራራው ነበረበት።

«ሥዕሉን አይተሽዋል?» አልኳት።

«አየሁት እኮ፣ ቦርሳው ላይ» ብላ ሳቀች። የልጅ ልጄም ሳቀች።

ወደ ትልቁ ሥዕል ወሰድኳቸው። ልጄ መሳቋን ተወች። ቀረበች፤ ሰው እንዳያልፍ የተዘረጋው ገመድ ጋ እስክትደርስ ቀረበች። በመስመሩ መሀል አንዲት ሴት አለች፤ ፀጉሯን በጨርቅ አስራለች፣ አንዱ ትከሻዋ ከሌላው ዝቅ ብሏል። ልጄ እሷን ብዙ አየቻት። ከዚያ ቀስ ብላ «ይቺ ሴትዮ...» አለች።

ቀጥላ ምን ልትል እንደነበር ዛሬ አውቃለሁ። ያኔ ግን አላስጨረስኳትም።

«ይቺማ አንቺ ነሽ» አልኳት። «አንድ ዓይን ነው ያላት፣ አየሽ? በእኛ ቤተ ክርስቲያን እንዲህ የሚሳለው ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ። ዕቃ፣ ዕቃ ሲሉ ዓይናቸው የጠፋ ናቸው። ይሁዳም የጠፋው በንግድ ነው።»

ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሮ ሁለት ጎብኚዎች ዞሩ። የልጅ ልጄ የእናቷን ፊት አይታ «ማም፣ ዋት ዲድ ሂ ሴይ?» አለች።

«ናቲንግ» አለች እናቷ። ቆይታ ደግሞ በአማርኛ፣ «አያትሽ ሥዕል እያስረዱኝ ነው» አለች። የልጇን እጅ ይዛ ወጣች። ሳይሰናበቱኝ ሲሄዱ ያ የመጀመሪያው ነው።

ቦርሳውን ክፍሉ መሀል ያለው አግዳሚ ላይ ትታዋለች። የቤቱ ሕግ ደግሞ አለ፤ ባለቤት የሌለው ቦርሳ ከታየ ማንም ሳይነካው ጠባቂዎች በምንይዘው የመገናኛ ራዲዮ ይነገራል። እኔም የገዛ ልጄን ስጦታ በራዲዮ ተናገርኩ። አለቃችን ሱፐርቫይዘሯ መጥታ «የማን እንደሆነ አይተሃል?» አለችኝ። «አላየሁም» አልኳት። በዚህ ዕድሜዬ ዋሸሁ። ቦርሳው ቁጥር ተለጥፎበት ወደ ጠፋ ዕቃ ክፍል ሄደ።

ከዚያ በኋላ ስልክ ብደውል አታነሣም። በመጀመሪያው ሳምንት ሥራ በዝቶባት ነው አልኩ። በሁለተኛው፣ ታነሣለች ብዬ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ይዤ ቆየሁ፤ የመኪናዋን ድምፅ የምሰማ ሁሉ ይመስለኝ ነበር። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ከሩቅ አየኋት፤ ቅዳሴው ሊያልቅ ሲል ወጣች። የልጅ ልጄ ከኋላዋ ዞራ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ እናቷ እንዳታይ፣ በጣቶቿ ብቻ ሰላም አለችኝ። ቤቷ አልሄድኩም። በምን ፊቴ? ካርቶኑ በሩ ላይ ስንት እንደሆነ እንጃ።

ንዴቴ ግን አልበረደም፤ ዞሮ ዞሮ ሥዕሉ ላይ ወደቀ። ቀኑን ሙሉ ከፊቴ ነው። ያቺ ሴትዮ በአንድ ዓይኗ ወደ ጎን ታያለች እንጂ እኔን አታየኝም፣ ልክ እንደ ልጄ። ሰዉ ይመጣል፣ እጁን ዘርግቶ ፎቶ ይነሣል፣ ቦርሳ ይገዛል። «ዋን አይ» ማለቱንም ተውኩት። እንዲያው ይኼ ሰውዬ ቤቴን ሊያፈርስ ነው እንዴ ከቻይና ድረስ የመጣው? እል ነበር። እሱ ምን አደረገ! ቤቴን ያፈረሰው አፌ ነው። አፍን መቆጣት ግን ይከብዳል፤ ሥዕል መቆጣት ይቀላል።

ከእኔ ክፍል ቀጥሎ ያለው የድሮ ሸክላ ክፍል ነው። እዚያ የምትቆመው አንዲት ቻይናዊት ናት። በዕድሜ ከእኔ እምብዛም አታንስም፤ አጭር፣ ቀልጣፋ፣ ኪሷ ከረሜላ የማያጣ። «ብራዘር» ትለኛለች፣ «ሲስተር» እላታለሁ። የሁለታችንም እንግሊዝኛ ቆራጣ ነው፤ ግን ቆራጣው ከቆራጣው ጋር ሲቀጠል የሚበቃ ይሆናል። አንድ ቀን ክፍል ተለዋወጪኝ አልኳት።

«ለምን? ሸክላ ይወዳል?» አለች፤ «አንተ» የምትለውን ቃል ትዘላለች።

«ሸክላ ሰው አይሳደብም» አልኳት።

ሳቀች፤ ሱፐርቫይዘሯን አስፈቅዳ ተለዋወጠችኝ። ማሰሮዎቹ መሀል ቆምኩ። ጥሩ ነበሩ፤ ዝም ያሉ ናቸው።

በምሳ ሰዓት መጣችና ክንዴን ያዘችኝ። ዓይኗ ቀልቷል። ወደ ትልቁ ሥዕል ወስዳ ጠርዙ ላይ ያለውን ጽሑፍ በጣቷ፣ ገመዱን ሳታልፍ፣ ከላይ ወደ ታች አሳየችኝ።

«ይኼን አንብቧል?»

«በቻይንኛ?»

«ሦስት ወር እዚህ ቆሟል፣ አንድ ሰው ጠይቋል? እኔ ግድግዳው ወዲያ ነኝ!»

ነገረችኝ። ቃል በቃል ላስታውሰው አልችልም፤ ነገሩ እንዲህ ነው። የሰዓሊው እናት ዕቃ የሚታሸግበት ፋብሪካ ውስጥ ትሠራ ነበር። ልጅ የሚጠብቅላት ስለሌለ እሱን ይዛው ትሄድና በመስመሩ ጫፍ በተገለበጠ ሣጥን ላይ ታስቀምጠዋለች። ዕቃው እየሮጠ ስለሚመጣ እናቱ ዞራ አታየውም፤ ዞራ ካየችው ዕቃው ያልፋታል። ስለዚህ የእናቱን ፊት ከጎን ነው የሚያውቀው። ሌላውን ዓይኗን ልሥል ብሞክር ከየት አምጥቼ፣ አላየሁትማ፣ ነው የሚለው።

«ይኼ ባዶውስ?» አልኳት፣ እጃቸው የተዘረጋበትን እያሳየሁ።

«ቀበቶው ነው፣ ዕቃ የሚያመጣው ማሽን። አልሣለውም። ገዢ አያየውም፣ ለዚህ ነው የተወው።» ከዚያ የራሷን ሁለት እጆች ወደ ፊት ዘርግታ፣ ፊቷን ከእኔ አዙራ፣ አንድ ዕቃ አንሥታ አስገብታ የምትዘጋ መሰለች። ፈጣን ነበር። «እኔም፣ አሥራ ስድስት ዓመቴ» አለች። «ቁልፍ። የሸሚዝ ቁልፍ፣ በካርቶን።»

ያን ጊዜ ገባኝ። ገዢዎች አይደሉም። እጃቸውን የዘረጉት ሊቀበሉ ሳይሆን ሊያሽጉ ነው። እኔ ይሁዳ ያልኳት ሴትዮ ቀኑን ሙሉ ለሌላ ሰው ካርቶን የምትሞላ ናት፤ ትከሻዋ የዘመመው ለዚህ ነው። ልጄ ደግሞ በገመዱ ላይ ተደግፋ፣ «ይቺ ሴትዮ...» ስትል፣ ደክሟታል ልትል ነበር። ያወቀቻት በአቋቋሟ ነው። እኚያ መሪጌታ ቢሰሙኝ ኖሮ ቀለሙን ራሴ ላይ ይደፉብኝ ነበር።

ምሳዬን አልበላሁም። ለቻይናዊቷ ሁሉንም ነገርኳት። ሰምታ ስትጨርስ «ደውልላት» አለችኝ።

«አታነሣም።»

«ሂዳ።»

«በእኛ እንዲህ አይኬድም» አልኳት። «በድሎ እጅን አንጠልጥሎ አይገባም። ሽማግሌ ይላካል።»

ነገሩን ሳስረዳት ራሴንም ገረመኝ። በዚህ ከተማ ስንት ባልና ሚስት፣ ስንት ወንድማማች ለማስታረቅ እኔ ተልኬያለሁ! በረንዳ ላይ ቆሜ በብርድ ተንቀጥቅጬ ያስታረቅኳቸው አሉ። አሁን ግን ለራሴ የምልከው አጣሁ። አብረውኝ የሚሸመግሉትን ሰዎች ብጠራ «ምን ብለሃት ነው?» ይሉኛል። «ይሁዳ አልኳት» ልል ነው? በልጇ ፊት?

«ሽማግሌ ምን ይፈልጋል?» አለች ሴትዮዋ።

«ሽበት።»

ጎንበስ ብላ አናቷን አሳየችኝ። «በቃ። እሄዳለሁ።»

ሁለታችንም ሥራ በማንገባበት ቀን ከፒዮሪያ አውቶቡስ ተሳፍረን ሞንትቤሎ ወረድን። እሷ አንድ ከረጢት ብርቱካን ይዛለች። በመንገድ ላይ ሥርዓቱን ነገርኳት፤ ጉዳዩ ሳያልቅ አትቀመጪም፣ ምንም አትቀምሺም፣ «ቁጭ በይ» ብትልሽ «እሺ በይንና እንቀመጣለን» ነው የምትይው። ጥፋተኛው ደግሞ እስኪጠራ ውጭ ይቆያል። ራሷን እየነቀነቀች ሰማችኝ፤ እንደ ወታደር ነው የሰማችኝ።

በሩን አንኳኳች፣ ገባች። እኔ በረንዳው ላይ ቀረሁ። ጉልበቴ አመመኝ፤ ንፋስ ነበር። ከመስኮቱ በኩል የልጄን ድምፅ እሰማለሁ፤ «ፕሊስ፣ ሲት፣ ሲት» ትላለች። የሴትዮዋም ድምፅ ይሰማል፤ «ኖ ሲት!» እንደገና «ፕሊስ ማም፣ ዋተር?» «ኖ ዋተር!» ሥርዓቱን እንዲህ አጥብቃ ትይዘዋለች ብዬ አላሰብኩም ነበር። ከዚያ ዝም ተባለ። በኋላ እንደ ሰማሁት፣ ቻይናዊቷ ያንን የሥዕሉን ጽሑፍ ማታ ቤቷ ቁጭ ብላ፣ የራሷ ልጅ እየረዳት፣ በሙዚየሙ ወረቀት ጀርባ ላይ በእርሳስ ወደ እንግሊዝኛ ገልብጣው ኖሯል። ለልጄ እሱን ነው የሰጠቻት። ከራሷ የጨመረችው «አባትሽ ደደብ ነው፣ ግን ቆሞ ይጸጸታል» የሚለውን ብቻ ነው።

በዚያ ዝምታ መሀል መኪና መጣ። ዕቃ የሚያድለው ልጅ ወርዶ ሣጥን ይዞ እየሮጠ መጣና፣ በረንዳው ላይ ቆሜ ስላየኝ መሬት ማስቀመጡን ትቶ እጄ ላይ ጣለልኝ። «ሃቭ ኤ ጉድ ዋን!» ብሎ ሄደ። አሁን ምን ላድርግ? መሬት ባስቀምጠው ንቀት መሰለኝ። ብይዘውም፣ በካርቶን ያጉረመረምኩት እኔው ካርቶን ይዤ ልገባ ነው! ጥርሴን ነክሼ እንደ ታቦት ተሸክሜው ቆምኩ።

በሩን የከፈተችው የልጅ ልጄ ናት። «አያዬ፣ ግባ አለች» ብላ ሣጥኑን አይታ አፏን ያዘች።

ገባሁ። ልጄ መሀል ሳሎን፣ ወረቀቱን በእጇ ይዛ ቆማለች። አልቅሳለች። ቻይናዊቷም ቆማለች፤ የብርቱካኑ ከረጢት ከእጇ አልወረደም። ልጄ እኔን አየች፣ ሣጥኑን አየች።

«አጥፍቻለሁ» አልኩ።

«በልጄ ፊት ነው እኮ ያሉኝ አባባ።»

«በልጅሽ ፊት ነው።»

«አሥር ሰዓት ቆሜ ነው የምውለው። ዞሬ ሰው ማየት አልችልም፤ ሣጥኑ ያልፈኛል። የሚመጣው ሁሉ የሌላ ሰው ስም ነው ያለበት። ቀኑን ሙሉ፣ የሌላ ሰው ስም።» ሣጥኑን ከእጄ ወስዳ በጎኑ የተለጠፈውን ወረቀት በአውራ ጣቷ ዳበሰችው። «አንድ ቀን የራሴ ስም ያለበት ሲመጣ... ውስጡ ምንም ቢሆን ግድ የለኝም። ያን ያህል ነው።»

ይኼን ስንት ዓመት አብሬያት ካርቶን ሳጥፍ አልጠየቅኳትም። ስሟን ቀድጄ ነበር ቆሻሻ ውስጥ የምጥለው።

ሄጄ ጉልበቷን ልይዝ ስል «ኧረ በማርያም! ምን ሊያደርጉ ነው?» ብላ በብብቴ ይዛ አነሣችኝ። ግንባሬን ሳመችኝ። ከዚያ ወደ ቻይናዊቷ ዞራ «አባባ፣ ይንገሯቸው እንጂ ይቀመጡ! እግራቸው ወለቀ» አለች።

«ጨርሷል?» አለችኝ ሴትዮዋ።

«ጨርሷል።»

«እሺ ብላለች?»

«እሺ ብላለች፣ ተቀመጪ።»

እፎይ ብላ ሶፋው ላይ ወደቀች፤ ወዲያው ውኃውን ጠየቀች።

ሁሉ ነገር ተስተካከለ ብዬ አልዋሽም። ሣጥኑን ከፈተችው፤ አቮካዶ ብቻ የሚቆርጥ ላስቲክ ነው። ቢላ ሞልቶ! ምላሴን ያዝኩ፤ እንዴት እንደያዝኩ እኔ ነኝ የማውቀው። እሑድ እሑድ ዛሬም ካርቶን አጥፋለሁ፣ ዛሬም እናደዳለሁ። ስሟ የተጻፈበትን ወረቀት ግን አልቀድደውም፤ ቀስ ብዬ ልጬ ፍሪጁ ላይ እለጥፍላታለሁ፤ የልጅ ልጄ «ዊርድ» ትለኛለች። የቻይናዊው ሥዕሎች በእንጨት ሣጥን ታሽገው ወደ ሌላ ከተማ ሄዱ። ሱቁ የተረፉትን ቦርሳዎች ረከስ አድርጎ ሲሸጥ ሰዉ ተጋፋ፤ አንድም ሰው በሥዕሉ ስላለችው ሴትዮ አልጠየቀም፣ ቢጠይቅ ኖሮ አሁን ማስረዳት እችል ነበር።

የእኔን ቦርሳ ከጠፋ ዕቃ ክፍል ፈርሜ አወጣሁት። ሱፐርቫይዘሯ «የአንተ ነበር እንዴ?» ብላ ተገረመች። «የልጄ ነው» አልኳት። ምሳዬን በእሱ ይዤ እሄዳለሁ፤ ተራራውን ወደ ውስጥ፣ ባዶውን ጎን ወደ ውጭ አድርጌ።

ሰው «ያን ሰሞን ማን አሻገረህ?» ቢለኝ፣ መሪጌታውንም አልልም፣ ሰዓሊውንም አልልም። በስሟ ጠርቻት አላውቅም፣ እዚህም አልጠራትም። የሸክላው ክፍል ጠባቂ፣ ብርቱካን ይዛ ሞንትቤሎ የተላከችልኝ ሽማግሌ፣ ቻይናዊቷ እህቴ ናት።